እናቴ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሞትን መፍራት የእምነት ጉድለት ነውን?

የበኩር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ሦስት ወር ያህል አመንትቻለሁ። እናቴ በካንሰር አረፈች፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት አጠገቧ የማድረው እኔ ነበርሁ። ዕድሜዋን ሙሉ በጸሎት የኖረች፣ መዝሙረ ዳዊትን መጽሐፍ ሳትገልጥ በቃሏ የምትደግም ሴት ስለ ነበረች፣ ሞት ሲቀርባት ያለ ፍርሃት የምትቀበለው መስሎኝ ነበር። አንድ ሌሊት ግን እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ አንሶላዋን ሳስተካክል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ በእርግጥ አንድ ነገር አለ? እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

እኔም ለማሰብ እንኳ ፋታ ሳልወስድ «እንዴታ እማዬ! አንቺ ደግሞ ይህን ትጠይቂያለሽ?» ብዬ፣ ጌታ ለማርታ የተናገረውን «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ፤ የሚያምንብኝ ቢሞት እንኳ ሕያው ይሆናል» የሚለውን ቃል ጠቀስሁላት። እርሷም «እሺ ልጄ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ዳግመኛ አላነሣችብኝም፤ በ11ኛው ቀን አረፈች።

የጠቀስሁት ቃል እውነት መሆኑን አሁንም አምናለሁ። ያ «እሺ ልጄ» ግን ከጆሮዬ አልወጣም። መልስ ያገኘ ሰው «እሺ» አልነበረም፤ መጠየቅ እንደማይቻል የተረዳ ሰው «እሺ» ነበር። እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ? አማኝ ሰው ሞትን ቢፈራ እምነቱ ጎደሎ ስለሆነ ነውን? ምንስ ልላት ይገባኝ ነበር?

መልህቅ፦

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ጥያቄዎን ሳልሸሽ ልመልስ፦ ሞትን መፍራት ክርስቶስ ነጻ ሊያወጣን የመጣበት ባርነት ነው። የዕብራውያን መልእክት «በሕይወታቸውም ሁሉ ስለ ሞት ፍርሃት በባርነት ይታሰሩ የነበሩትን» ነጻ ሊያወጣ በሥጋና በደም እንደ ተካፈለ ይናገራል። ሐዋርያው ጳውሎስም በእስር ቤት ሆኖ «ሞትም ጥቅም ነው» ብሎ ጽፏል። የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፐስ እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ክርስቶስን ቢክድ እንደሚለቀቅ ሲነገረው፣ 86 ዓመት ሲያገለግለው አንዳች ክፉ ያላደረገበትን ንጉሡን መስደብ እንደማይቻለው መልሶ ሞቱን ተቀበለ። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዘመን ሲጽፍ፣ ሞትን እጅና እግሩ ታስሮ አላፊ አግዳሚው በሚሳለቅበት የተሸነፈ ገዥ መስሎታል።

ይህን የምለው እናትዎን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ፍርሃትን ሁሉ «ተፈጥሯዊ ነው» እያልን ካለፍነው፣ ትንሣኤን መስበካችን ምን ሊረባ ነው? ቃሉን መጥቀስዎ ትክክል ነበር፤ ራስዎን አይውቀሱ።

ደቀ መዝሙር፦

ወንድማችን መልህቅ የጠቀሷቸው ጥቅሶች እውነት ናቸው፤ የጎደለው ግን የጌታ የራሱ ሁኔታ ነው ብዬ አምናለሁ። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 11 እንደገና ቀስ ብለን እናንብበው። የበኩር ልጅ የጠቀሱት ቃል ለማርታ ከተነገረ በኋላ ጌታ ወደ መቃብሩ ሲሄድ «በመንፈሱ አዘነ በራሱም ታወከ» ይላል። እዚህ ላይ የግሪኩ ቃል ከኀዘን ይልቅ ወደ ቍጣ የሚያደላ ጠንካራ ቃል ነው። ቀጥሎም «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል። አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። የሚመጣውን በሙሉ የሚያውቀው እርሱ በመቃብር ፊት ከታወከ፣ የሚመጣውን በተስፋ ብቻ የምናይ እኛ ብንታወክ እንዴት የእምነት ጉድለት ተብሎ ይቆጠርብናል?

ጌቴሴማኒም አለ። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ያለው ጌታ ነው፤ ያን ሌሊት ከደቀ መዛሙርቱ የለመነውም አብረውት እንዲተጉ ነበር። ኦስካር ኩልማን የተባለው የነገረ መለኮት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ባደረገው ንግግር የሶቅራጥስን ሞት ከኢየሱስ ሞት ጋር ጎን ለጎን አቅርቦት ነበር። ሶቅራጥስ መርዙን የጠጣው ከወዳጆቹ ጋር በእርጋታ እየተጨዋወተ ነው፤ ለእርሱ ሞት ነፍስን ከሥጋ እስር ቤት የሚፈታ ወዳጅ ነበርና። ኢየሱስ ግን ተንቀጠቀጠ፤ በታላቅ ጩኸትና እንባ ጸለየ። ኩልማን ልዩነቱን ያገኘው ከሁለቱ ሰዎች ድፍረት ላይ ሳይሆን ስለ ሞት ከያዙት አሳብ ላይ ነው። በአዲስ ኪዳን ሞት ወዳጅ አይደለም፤ ጳውሎስ በአንደኛ ቆሮንቶስ 15 «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» ይላል። ከጠላት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው ልቡ ቢደነግጥ የሚያስገርም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ የከበደኝ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ381 በቁስጥንጥንያ የጸናውን የሃይማኖት ጸሎት ስንደግም «እናምናለን፣ እናምናለን» እያልን እንወርዳለን። ወደ ሙታን ትንሣኤ ስንደርስ ግን ግሡ ይለወጣል። ግእዙ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» ይላል፤ ተስፋ እናደርጋለን ማለት ነው። ግሪኩም በዚያ ቦታ ዓይንን አቅንቶ መጠበቅን የሚያመለክት ሌላ ግሥ ይጠቀማል። አባቶች ይህን ቃል የመረጡት ተጠራጥረው ነው አልልም፤ ነገር ግን ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች እንደ ጻፈው፣ የሚታይ ነገር ተስፋ አይባልም። እናትዎ «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የተጠየቁት ያላዩትን ነገር እንደ አዩት ሆነው እንዲመልሱ ነበር። «አላየሁትም እማዬ፤ ነገር ግን ተስፋ አደርገዋለሁ፤ አብሬሽም እጠብቀዋለሁ» ብለው ቢሆን ኖሮ ከሃይማኖቱ አንዲት ቃል አይጎድልም ነበር።

ከደጅ የቆመ፦

እኔ አማኝ አይደለሁም፤ ቀድሞ ነበርሁ። በአክብሮት አስተያየቴን እንድሰጥ ፍቀዱልኝ። ወንድሜ በሞተ ጊዜ ገና እንባዬን ሳልጠርግ «ወደ ተሻለ ቦታ ሄዷል» ያሉኝ ሰዎች በርካታ ነበሩ፤ ወንድሜ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም። ያን ጊዜ የመጣብኝ አሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፦ ሰዎች ከሞት በኋላ ሕይወት አለ የሚሉት ሞትን መሸከም ስላቃታቸው አይደለምን? ለዚያች እናት የሚገባው ሐቀኛ መልስ «አላውቅም» የሚል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ደቀ መዝሙር፦

ስለ ወንድምዎ የተነገረዎት ነገር አሳዝኖኛል። ከአንደበት የማይርቅ ማጽናኛ ብዙ ጊዜ የተናጋሪውን ጭንቀት ለማስታገስ የሚነገር ነው።

ስለ ጥያቄዎ ግን አንድ ታሪካዊ ነገር ላንሣ። ከሞት በኋላ ሕይወት አለ የሚለው እምነት ከፍርሃት የተወለደ መጽናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በመጀመሪያዎቹ የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ውስጥ በስፋት ልናገኘው በተገባ ነበር፤ የምናገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። እስራኤል ከግብፅ ወጣ፤ ግብፅም ለወዲያኛው ዓለም ስንቅ በማዘጋጀት አቻ ያልነበራት አገር ነበረች። ሆኖም የሙሴ ሕግ ስለ ወዲያኛው ዓለም ዝም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። መዝሙረኛው «በሞት የሚያስብህ የለምና፥ በሲኦልም የሚያመሰግንህ ማን ነው?» ብሎ በግልጽ ይጮኻል። እነዚህ ሰዎች ከሞት በኋላ ዋጋ እንደሚከፈላቸው ሳይነገራቸው በብዙ ትውልድ እግዚአብሔርን አመለኩ። የትንሣኤው ተስፋ በግልጽ የሚወጣው እንደ ዳንኤል ምዕራፍ 12 ባሉት ስፍራዎች ነው፤ ጌታ በተገለጠበት ዘመን እንኳ ሰዱቃውያን አይቀበሉትም ነበር። ተስፋውን የወለደው ጥያቄ «እኔ ስሞት ምን እሆናለሁ?» የሚለው ብቻ አልነበረም፤ «ታማኝ ነኝ ያለ አምላክ፣ ስለ እርሱ የተገደለውን ሰው በትቢያ ውስጥ ትቶት ይቀራልን?» የሚለው ጭምር ነበር።

ይህ ግን እምነቱ እውነት መሆኑን እንደማያረጋግጥልዎ እኔም አውቃለሁ። «አላውቅም» የሚለውን ቃል በተመለከተ ከመልስዎ ግማሹን እቀበላለሁ። አንድ ክርስቲያን «አላውቅም» ብሎ መጀመር ይችላል፤ እዚያ ላይ ግን ማቆም አይገባውም።

ከደጅ የቆመ፦

ስለ መዝሙሩ የተናገሩትን አላስተዋልሁትም ነበር። አነበዋለሁ። ወንድሜን ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦

እኔ ነርስ ነኝ፤ ሊድን በማይችል ሕመም የተያዙ ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የነገረ መለኮት ትምህርት የለኝም፤ ነገር ግን የበኩር ልጅ የሰሙትን ጥያቄ በብዙ አንደበት ሰምቼዋለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌሎችን ሲያስተምሩ ከኖሩ አገልጋዮች ጭምር። አንዱ «ለሌላው ሳስተምረው ቀላል ነበር» ብሎኝ ነበር፤ ሲናገር የአልጋውን ብረት አጥብቆ ይዞ ነበር።

በእኔ ልምድ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ስለ ወዲያኛው ዓለም ብቻ አይደለም። ውስጡ ሌሎች ጥያቄዎች አሉበት፦ ያመኛል? ትንፋሼ ሲያጥር ታፍኜ ነው የምሞተው? ሸክም ሆንሁባችሁ? ሌሊት ብነቃ ማን አለ? በዘመናችን የሆስፒስን፣ ማለትም ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን የመንከባከብን፣ አገልግሎት የመሠረተችው ሲስሊ ሳንደርስ አማኝ ክርስቲያን ነበረች፤ በነርስነትና በማኅበራዊ ሠራተኛነት ካገለገለች በኋላ ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈተች። «ጠቅላላ ሕመም» የሚለውን አገላለጽ ያስተማረችን እርሷ ናት፤ የሥጋው፣ የስሜቱ፣ የቤተሰቡና የመንፈሱ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ተጠላልፎ ስለሚገኝ አንዱን ለይቶ ማከም አይቻልም ማለቷ ነው። ሕመሙ ያልታገሠለት ሰው ጥቅስ አይሰማም፤ ብቻውን የቀረ ሰውም ሞርፊን ብቻ አያሳርፈውም። በነገራችን ላይ፣ ማስታገሻ መውሰድን እንደ እምነት ማነስ ቆጥረው ሕመምተኛው እንዲታገሥ የሚያስገድዱ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ከልቤ እቃወመዋለሁ።

የመጨረሻዎቹን ቀናት ለሚያስታምም ሰው ደግሞ ይህን ልንገረው፤ ባለማወቅ የሚመጣው ድንጋጤ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነውና። እግርና እጅ ይቀዘቅዛሉ፤ ጉልበት ላይ የተዥጎረጎረ ቀለም ይታያል። ትንፋሹ ፈጠን ፈጠን ካለ በኋላ ይቆማል፤ አለቀ ስትሉ እንደገና ይመለሳል። ከጉሮሮ የሚወጣው የመንኰራኰር ድምፅ የሚመስለው ነገር ሕመምተኛውን ከሚያሠቃየው ይልቅ ሰሚውን ያሠቃያል። አፍ ስለሚደርቅ ከንፈርን በእርጥብ ስፖንጅ ማረስረስ ታላቅ እፎይታ ይሰጣል። መስማት ዘግይተው ከሚጠፉት ስሜቶች አንዱ እንደሆነ ስለምናስብ ባልደረቦቼም እኔም እስከ መጨረሻው እናነጋግራቸዋለን፤ ስማቸውን እንጠራለን።

ለ«እርግጠኛ ነህ?» የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንበሬን እስብና ቁጭ ብዬ «ምን አሰብሽ?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ፤ እጅግ የሚከብደውም ይህ ዝምታ ነው። የበኩር ልጅ ግን 11 ሌሊት አብረው ቆይተዋል። ስለ ምላስዎ ስሕተት ሲያስቡ ስለ እግርዎ መቆየትም ያስቡ።

መልህቅ፦

መጀመሪያ የጻፍሁትን መልሼ አነበብሁት። ያልሁት ስሕተት ነው አልልም፤ ቸኩሎ የተነገረ ግን ነው። የማርቲን ሉተር ልጅ ማግዳሌና እ.ኤ.አ. በ1542 በ13 ዓመቷ ስትሞት አባቷ በአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ምርር ብሎ እንዳለቀሰ ተጽፏል። በሰላም እንዳለች እያወቀ ይህን ያህል ማዘኑ ለራሱም እንግዳ እንደሆነበት ተናግሯል። ስለ ትንሣኤ በድፍረት ሲሰብክ የኖረ ሰው ነበር። እኔም የራሴን አባት ስቀብር አላለቀስሁም፤ ያን ጊዜ ማልቀስ እምነቴን የሚያሳማ መስሎኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ደቀ መዝሙር፦

ወንድሜ መልህቅ፣ በኋላ የሂፖ ጳጳስ የሆነው አውግስጢኖስም እንደ እርስዎ ነበር። እናቱ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በኦስቲያ ወደብ በ56 ዓመቷ ስታርፍ ዓይኖቿን የከደነላት እርሱ ነው፤ እንባው ገፍቶ ቢመጣበትም በግድ መለሰው። የአውግስጢኖስ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያለቅስ በዙሪያው የነበሩት ዝም አሰኙት፤ እንዲህ ያለችውን አማኝ በዋይታ መሸኘት አይገባም ብለው አስበው ነበርና። አውግስጢኖስ ከቀብር ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ ተኝቶ ከነቃ በኋላ ብቻውን በእግዚአብሔር ፊት አለቀሰ፤ በእናቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ማልቀሱን ኃጢአት አድርጎ የሚቆጥር ቢኖር እንዳያፌዝበት ይልቁንም እንዲያለቅስለት ጠየቀ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» እንዳያዝኑ ነው፤ ከነጭራሹ እንዳያዝኑ አላለም።

ሞኒካ ሥጋዋ የትም ቢቀበር ግድ እንደሌላት ተናግራ የለመነችው በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ብቻ ነበር። በዚህ ላይ ኦርቶዶክሳውያንና ካቶሊካውያን ለሙታን ይጸልያሉ፤ ፕሮቴስታንቶች በአብዛኛው አይቀበሉትም። ክርክሩን እዚህ መክፈት አልፈልግም። ይሁን እንጂ በሁሉም ዘንድ የጸና አንድ ቃል አለ፤ በብዙ ቋንቋዎች የመቃብር ስፍራ የሚጠራበት ስም ክርስቲያኖች ከተጠቀሙበት «የመኝታ ቦታ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እኛም «አረፈ» እንላለን። የተኛ ሰው ይነቃል፤ ያረፈ ሰው ሥራው አልጠፋም። ቋንቋችን ራሱ ያን ተስፋ ይዞ ይናገራል።

ሰባ ሦስት፦

ልጄ ብዬ ብጠራህ አትቀየመኝ፤ እናትህ ብሆን የምችልበት ዕድሜ ላይ ነኝ። 73 ዓመቴ ነው፤ የእኔም ሕመም የማይድን መሆኑን ሐኪሞቹ ነግረውኛል። ይህን የምጽፈው በየመካከሉ ዕረፍት እየወሰድሁ ነው፤ ጣቴ ስለ ከሳ ቀለበቴ እንዳይወልቅብኝ ክር ጠምጥሜበታለሁ፤ ክሩ ስጽፍ ያስቸግረኛል።

እኔም ለሴት ልጄ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄያታለሁ። የምጠይቀው እምነቴ ስለጠፋ አይደለም። ከ50 ዓመት በላይ ሳምንበት የኖርሁት ነገር አሁን ወደ እኔ እየመጣ ስለሆነ ነው፤ ከሩቅ የሚታይ ተራራና እግርህ ሥር የቆመ ተራራ አንድ አይደሉም። ልጄም እንደ አንተ ጥቅስ ጠቀሰችልኝ። ሳያት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ጥያቄዬ ለእርሷ ከእኔ ይልቅ እንደ ከበዳት ገባኝና «እሺ ልጄ» አልኋት፤ ፊቴንም አዞርሁ። ያዞርሁት እንባዬን እንዳታይ ነው፤ የእርሷንም እንዳላይ ነው።

እናትህን አላውቃትም፤ ስለ እርሷ መማል አልችልም። ያንን «እሺ» ግን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ከእኔ አፍ ወጥቷል። በእኔ በኩል ልጄን ከጭንቀት ማሳረፊያ ነበር። አንተ ብቸኝነት አድርገህ ሰምተኸዋል፤ ጥቂት ብቸኝነት አለበት፤ አልዋሽህም። የእናት ሆድም ግን አለበት።

አሁን ሌሊት ስነቃ ረጅም ጸሎት አልችልም። የዚያን ልጁ የታመመበትን አባት ቃል ብቻ እላለሁ፤ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው»። ጌታ ያንን ሰው እምነትህን አሟልተህ ተመለስ አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። እኔ ለሥጋዬ ፈውስን አልጠብቅም፤ ትንሣኤን ግን እጠብቃለሁ። እየፈራሁ እጠብቃለሁ።

የበኩር ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ ሰባ ሦስት፣ የጻፉልኝን አራት ጊዜ አነበብሁት።

የሌሊት ፈረቃ ስለ ከንፈር ማረስረስ የጻፉትን ሳነብ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። በመጨረሻዋ ሌሊት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን መዝሙር እያነበብሁላት ነበር። «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» ከሚለው ስደርስ ድምፄ ተቆረጠና ማንበብ አቃተኝ። በዚያው ቅጽበት የእናቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ውኃ የጠማት መስሎኝ ስፖንጁን አርሼ ከንፈሯ ላይ አደረግሁላት፤ እንቅስቃሴውም ቆመ። መዝሙሩን በቃሏ ታውቀው ነበር። ከዚያ ስፍራ ቀጥሎ ያለው ቃል «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» የሚል ነው። ያን ልትል ይሁን ውኃ ጠምቷት ይሁን አላውቅም፤ ዳግመኛም ልጠይቃት አልችልም።

እናቴ ሰባ ሦስት፣ ሴት ልጅዎ ምናልባት ምን ማድረግ እንዳለባት ጨንቋት ይሆናል። ዛሬ ማታ የትኛውን መዝሙር እንድታነብልዎ ይፈልጋሉ?

ሰባ ሦስት፦

ያንኑ። ቀስ ብላ እንድታነበው ነግሬያታለሁ፤ ድምፄ ካልተቆረጠ ከመካከሉ ጀምሮ እኔ እቀበላታለሁ።